ለአሮጌ ሰርቨር የሚሆን የዲስክ ኢሜጅ በአዲስ ማሽን ላይ መሥራት

በአዲሱ ላፕቶፕዎ ላይ የቨርቹዋል ዲስክ ኢሜጅ ፈጥረው፣ ፎርማት አድርገው፣ ሲስተሙን ጭነው ወደ ሰርቨሩ ላኩት እንበል። ሰርቨሩ ዛሬም በሴንትኦኤስ 7 ነው የሚሠራው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር ብዙ መልክ አለው። ቨርቹዋል ማሽኑ ግሩብ ላይ ተገትሮ ፋይል ሲስተሙን አላውቀውም ይላል፤ ወይም ጌስትፊሽ ኢሜጁን ይከፍትና ውስጡን ማውንት ማድረግ ያቅተዋል፤ ወይም ኢቱኤፍኤስሲኬ የማይደግፈው ፊቸር እንዳገኘ ተናግሮ «አዲስ ቨርዥን ፈልጉ» ብሎ ያቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ኢሜጁ በመንገድ ተበላሽቷል ብሎ እንደገና ይልከዋል። ዳታ በጊጋባይት ተቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ይህ ውድ ጥርጣሬ ነው። ኢሜጁ ግን ጤነኛ ነው፤ ፎርማቱ ከሚያነቡት ፕሮግራሞች በኋላ የተወለደ ስለሆነ ነው ያልተግባቡት።

ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በአንድ ነገር ላይ ነው። ፎርማቱን መወሰን ያለበት ኢሜጁ የተሠራበት አዲሱ ማሽን ሳይሆን፣ ኢሜጁን ከሚያነቡት ሁሉ አሮጌው ነው። ውሳኔው የሚሰጠው ደግሞ ፎርማት በሚደረግበት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ካለፈ በኤክስት4 ላይ አብዛኛውን ማረም ይቻላል፤ በኤክስኤፍኤስ ላይ ግን አይቻልም።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፉ፦ ትእዛዞቹንና አማራጮቹን በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው፤ «ትልቁ» ብዬ ካልለየሁ በቀር በትንሹ ፊደል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንባቢዎቹን ይለዩ

ኢሜጁን የሚያነበው ቨርቹዋል ማሽኑ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ግሩብ ነው፤ ግሩብ የራሱ የሆነ ትንሽ የፋይል ሲስተም አንባቢ አለው፣ ከከርነሉ ጋርም አብሮ አያድግም። ቀጥሎ የማሽኑ ከርነል ይመጣል። ከርነሉ ማውንት ከማድረጉ በፊት ወይም በኋላ ኢቱኤፍኤስሲኬ ይመረምረዋል። ከውጭ ደግሞ አስተናጋጁ ሰርቨር ላይ ያሉት የሊብጌስትኤፍኤስ መሣሪያዎች አሉ፦ ጌስትፊሽ፣ ቨርት-ሪሳይዝ፣ ቨርት-ፋይልሲስተምስ። ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ወደ ኢሜጁ ውስጥ ገብቶ ፋይል የሚመርጥ ከሆነ እሱም አንባቢ ነው።

የእያንዳንዱን ቨርዥን ይጠይቁ። ከርነሉን በ«ዩኔም -አር»፣ የኤክስት4 መሣሪያዎቹን በ«ኤምኬኤፍኤስ.ኤክስት4 -ቪ» (ትልቁ ቪ)፣ ሌሎቹን ከስማቸው ቀጥሎ «--ቨርዥን» በመጻፍ። ሴንትኦኤስ 7 ላይ የሚያገኙት ከርነል 3.10፣ ኢቱኤፍኤስፕሮግስ 1.42.9 እና ግሩብ 2.02 ነው። የዚህ ሲስተም ድጋፍ በሰኔ 30 ቀን 2024 አብቅቷል፤ ስለዚህ እነዚህ ቁጥሮች ከእንግዲህ አይለወጡም። ለኢሜጅ ሠሪ ይህ አንድ ጥቅም አለው፤ ዒላማው ባለበት ቆሟል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው ኢቱኤፍኤስፕሮግስ 1.46.5 ነው፤ እሱም ከዚህ በታች ከማወራው ድንበር ወዲያ ማዶ ነው የቀረው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት የሆኑ ሁለት ቨርዥኖች አሉ። በ2016 የወጣው ኢቱኤፍኤስፕሮግስ 1.43፣ «ሜታዳታ_ሲሰም» እና «64ቢት» የተባሉትን ፊቸሮች ማንም ሳይጠይቀው እንዲያበራ ሆነ። በየካቲት 2023 የወጣው 1.47.0 ደግሞ «ሜታዳታ_ሲሰም_ሲድ» እና «ኦርፋን_ፋይል» የሚባሉ ሁለት ጨመረ። ሜታዳታ_ሲሰም_ሲድ ከርነል 4.4ን፣ ኦርፋን_ፋይል ከርነል 5.15ን ይፈልጋል። የእርስዎ ስክሪፕት አልተለወጠም፤ ላፕቶፕዎን አሳደጉ እንጂ። ያው «ኤምኬኤፍኤስ.ኤክስት4» የሚለው መስመር ትናንት ከጻፈው የተለየ ነገር ዛሬ ይጽፋል።

ዴቢያን 12 ሊወጣ ሲል በ2023 መጀመሪያ ላይ ይኸው ነገር ጭቅጭቅ አስነስቶ ነበር። በአዲስ ሲስተም ላይ ሆነው የአሮጌ ዴቢያን ኢሜጅ የሚሠሩ መሣሪያዎች፣ አዲሱ ኤምኬኤፍኤስ የሠራውን ፋይል ሲስተም የአሮጌው ግሩብ አላነብም እያለ አስቸገራቸው። በመጨረሻ ዴቢያን ሁለቱን ፊቸሮች ከነባሪ ምርጫው አወጣቸው። እኔ በዚህ ጉዳይ የምስማማው ከሁለቱም ወገን ጋር ነው። የመሣሪያው ሠሪዎች ምርጫቸውን የማሳደግ መብት አላቸው፤ ኢሜጅ የሚሠራ ሰው ግን በነባሪ ምርጫ መተማመን የለበትም።

ፖስታውና ደብዳቤው

ኪውካው2 ፖስታ ነው፤ ፋይል ሲስተሙ በውስጡ ያለው ደብዳቤ። ኪውኢሙ-ኢሜጅ ፖስታውን ያደርሳል እንጂ ደብዳቤውን አያነብም። ስለዚህ «ኪውኢሙ-ኢሜጅ ኢንፎ» ኢሜጁን በሰላም ከገለጸ፣ እንዲያውም «ኪውኢሙ-ኢሜጅ ቼክ» ስህተት የለም ካለ፣ ስለ ኤክስት4 የነገረዎት ምንም የለም። ፖስታው እንዳልተቀደደ ብቻ ነው ያወቁት።

ፖስታውም የራሱ ዘመን አለው። ኪውካው2 ላይ «ኮምፓት=1.1» የሚባለው አዲሱ ቅርጽ ከኪውኢሙ 1.1 ጋር በ2012 መጣ፤ ከ1.7 ጀምሮ ነባሪ ሆነ። ሴንትኦኤስ 6 ላይ ያለው ኪውኢሙ 0.12 ስለሆነ ይህን አይከፍትም። ኪውኢሙ 5.1 ደግሞ በዜድስታንዳርድ መጭመቅን አመጣ፤ በእሱ የተጨመቀ ኢሜጅ ከዚያ በፊት ባለ ኪውኢሙ አይከፈትም። ችግሩ የፖስታው ይሁን የደብዳቤው መለየት ካቃተዎ አጭሩ መንገድ ኢሜጁን በአዲሱ ማሽን ላይ ወደ ሮው መቀየር ነው፦ «ኪውኢሙ-ኢሜጅ ኮንቨርት -ኦ ሮው»፣ ኦዋ ትልቋ ናት። ሮው ላይ ፖስታ የለም። ሮው ሆኖም እምቢ ካለ ጥፋቱ የፋይል ሲስተሙ ወይም የፓርቲሽን ሰንጠረዡ ነው። ሮው ሆኖ ከሠራ ደግሞ ኮንቨርት ሲያደርጉ «ኮምፓት=0.10» የሚለውን በትንሹ «-ኦ» ጨምረው መልሰው ኪውካው2 ያድርጉት።

ሮው ፋይል 20 ጊጋባይት ነኝ ቢልም ዲስክ ላይ የያዘው ቦታ ከዚያ ሊያንስ ይችላል፤ ባዶው ክፍል አይጻፍም። በኤስሲፒ ከላኩት ግን ባዶውም አብሮ ይላካል። አርሲንክን በትልቁ «-ኤስ» ቢጠቀሙ ተቀባዩ ዲስክ ላይ ባዶው ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ የመስመሩን ወጪ ለመቀነስ ደግሞ «-ዜድ» ይጨምሩበት።

ሦስት ዓይነት ፊቸር

ይህን ክፍል ዘሎ ማለፍ ይቻላል፤ ያልዘለለ ሰው ግን የስህተት መልእክቶቹን እንደ ጥንቆላ ማየቱን ያቆማል።

የኤክስት4 ሱፐርብሎክ ፊቸሮቹን በሦስት መደብ ይመዘግባል። የመጀመሪያው መደብ «ኮምፓት» ነው፤ ከርነሉ ፊቸሩን ባያውቀውም ማንበብም መጻፍም ይችላል። ሁለተኛው «አርኦ_ኮምፓት» ነው፤ የማያውቀው ከርነል ማንበብ ብቻ ይፈቀድለታል። ሦስተኛው «ኢንኮምፓት» ነው፤ የማያውቀው ጨርሶ አይነካውም። ሜታዳታ_ሲሰም_ሲድ ሦስተኛው መደብ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ከርነል 3.10 ኢሜጁን ገና ሲያየው የሚመልሰው።

ኦርፋን_ፋይል ግን የመጀመሪያው መደብ ውስጥ ነው፤ እና አሳሳቹ እሱ ነው። ፕሮግራም ከፍቶት እያለ የተሰረዘ ፋይል ቦታው ወዲያው አይለቀቅም፤ ከርነሉ እነዚህን ወላጅ አልባ ፋይሎች በዝርዝር ይይዛቸዋል። ቀድሞ ዝርዝሩ ከሱፐርብሎኩ የሚጀምር አንድ ሰንሰለት ነበር፤ ብዙ ፕሮሰሰር በአንዴ ሲሰርዝ ሁሉም እዚያ ይሰለፋል። አዲሱ ፊቸር ዝርዝሩን ለብቻው ፋይል ውስጥ አስቀመጠው። ኢሜጁ በሥርዓት ከተዘጋ አሮጌ ከርነል ምንም ሳይል ይቀበለዋል። መብራት ጠፍቶ ወይም ማሽኑ በግድ ተዘግቶ ከሆነ ግን «ኦርፋን_ፕረዘንት» የሚባል ምልክት በርቶ ይቀራል፤ ይህ ምልክት ሁለተኛው መደብ ውስጥ ስለሆነ ያው ከርነል በዚህ ጊዜ ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። ትናንት የሠራ ኢሜጅ ዛሬ መጻፍ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ኢቱኤፍኤስሲኬ ደግሞ ከከርነሉ ይብሳል። ከየትኛውም መደብ ይሁን፣ የማያውቀው ፊቸር ካለ አይጠግንም። ትክክልም ነው፤ የማያውቀውን ነገር የሚጠግን ያፈርሰዋል። የፊቸሩን ስም ስለማያውቅ በቁጥር ይጠራዋል፦ «ፊቸር_ሲ12» ካለ ኦርፋን_ፋይል ማለቱ ነው፣ «ፊቸር_አይ13» ካለ ሜታዳታ_ሲሰም_ሲድ፣ «ፊቸር_አር16» ካለ ኦርፋን_ፕረዘንት። መካከል ያለው ፊደል መደቡን ይናገራል።

ኢሜጁን ከመጀመሪያው በልክ መሥራት

ከሮው ይጀምሩ፦ «ኪውኢሙ-ኢሜጅ ክሬኤት -ኤፍ ሮው ዲስክ.ሮው 20ጂ»። ፓርቲሽኑን በለመዱት መሣሪያ ይሥሩ፤ እዚህ ላይ የምለው ብዙ የለም፣ አሮጌ ባዮስ ላይ የሚነሳ ከሆነ ጂፒቲን ትተው በድሮው ሰንጠረዥ ቢሠሩት ግሩብ አያስቸግርዎትም። ከዚያ ፋይሉን እንደ ዲስክ ያገናኙት፦ «ሎሴትአፕ -ኤፍፒ --ሾው ዲስክ.ሮው»። ፒዋ ትልቋ ናት፤ ፓርቲሽኖቹ ለየብቻቸው እንዲታዩ የምታደርገው እሷ ናት። የሚመልስልዎት ስም «/ዴቭ/ሉፕ0» ከሆነ የመጀመሪያው ፓርቲሽን «/ዴቭ/ሉፕ0ፒ1» ይሆናል። ሎሴትአፕዎ አሮጌ ሆኖ ይህን አማራጭ ካላወቀ ኬፓርትኤክስ በ«-ኤቪ» ያንኑ ይሠራል።

አሁን ዋናው መስመር። አንባቢው ኡቡንቱ 22.04ን የመሰለ፣ ኢቱኤፍኤስፕሮግስ 1.46 ያለው ከሆነ ይህ ይበቃዋል፦

«ኤምኬኤፍኤስ.ኤክስት4 -ኦ ^ሜታዳታ_ሲሰም_ሲድ,^ኦርፋን_ፋይል /ዴቭ/ሉፕ0ፒ1»

ኦዋ ትልቋ ናት፤ ከስሙ ፊት ያለችው ምልክት «አጥፋ» ማለት ናት። በነጠላ ሰረዙ ዙሪያ ክፍት ቦታ አይተዉ።

አንባቢው ሴንትኦኤስ 7 ከሆነ «^ሜታዳታ_ሲሰም»ንም ይጨምሩ፤ የ1.42.9 ኢቱኤፍኤስሲኬ እሱንም አይቀበልም። ሲዱ ያለ ሲሰሙ ስለማይቆም ሁለቱ አብረው ነው የሚጠፉት። ሴንትኦኤስ 6 ከሆነ «^64ቢት»ም ይታከላል። ከዚህ በላይ ግን አይሂዱ። «ችግር እንዳይመጣ» ብሎ ሁሉን ማጥፋት ወይም ወደ ኤክስት3 መመለስ የሚመክሩ አሉ፤ አልስማማም። ሜታዳታ_ሲሰም የዲስክ ብልሽትን ገና ሳይስፋፋ የሚያጋልጥ ቼክሰም ነው፤ አንባቢው የሚችለው ከሆነ ማጥፋት ኪሳራ ነው። ሜታዳታ_ሲሰም_ሲድም ቢሆን ለኢሜጅ ሠሪ የታሰበ ይመስል ነበር፤ ቼክሰሙ ከዩዩአይዲው ጋር እንዳይታሰር ስለሚያደርግ፣ ከአንድ ኢሜጅ የተባዙ ማሽኖችን ዩዩአይዲ ማውንት እንደተደረጉ መቀየር ያስችላል። አንባቢዎችዎ ሁሉ አዲስ ከሆኑ ይተዉት።

ኢሜጅ በየሳምንቱ የሚሠራ ስክሪፕት ካለዎ በየመስመሩ ከመጻፍ «/ኢቲሲ/ኤምኬኢቱኤፍኤስ.ኮንፍ»ን ይቅዱና ኤክስት4 ከሚለው ክፍል የማይፈልጓቸውን ስሞች ያውጡ። ቅጂውን ከስክሪፕቱ ጋር አስቀምጠው «ኤምኬኢቱኤፍኤስ_ኮንፊግ» በተባለው የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ስሙ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ነው) ይጠቁሙት። ዋናውን ፋይል ግን አይንኩ፤ የላፕቶፕዎ የራሱ ዲስኮችም በዚያው ነው ፎርማት የሚደረጉት። በነገራችን ላይ ሁለት ባልደረቦች አንድ ዓይነት የኢቱኤፍኤስፕሮግስ ቨርዥን ይዘው የተለያየ ኢሜጅ የሚያወጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ፋይል ምክንያት ነው፤ አንዱ ሲስተሙን ሲያሳድግ የድሮውን ኮንፊግ አስቀር ብሎ መልሶ ነበር።

ፎርማቱ እንዳለቀ «ደምፕኢቱኤፍኤስ -ኤች» ብለው የፊቸሮቹን ዝርዝር በዓይንዎ ይዩ። የግሩብ ጥያቄ ብቻ ከሆነ የቀረው፣ ሌላ አማራጭም አለ። ቡት የሚባለውን ማውጫ ለብቻው ትንሽ ፓርቲሽን ላይ ያድርጉና እሱን ብቻ በተቀነሰ ፊቸር ፎርማት ያድርጉት። ግሩብ 2.06 ሜታዳታ_ሲሰም_ሲድን አያውቅም፤ በታኅሣሥ 2023 የወጣው 2.12 ያውቃል።

የተሠራውን ኢሜጅ መመለስ

ኢሜጁ ተሠርቶ፣ ሥራ ላይ ውሎ፣ ዳታ ከያዘ በኋላስ? ማሽኑን በሥርዓት ያጥፉት። እየሠራ ያለን ማሽን ዲስክ ከውጭ መንካት ፋይል ሲስተሙን ያበላሻል፤ ማንበብ ብቻ ነው ቢሉም አይመከርም።

ቀጥሎ ኢሜጁን ይቅዱ። ቲውንቱኤፍኤስ በ«-ዜድ» የመቀልበሻ ፋይል እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል፤ የራሱ ማኑዋል ግን ፋይሉ ከመብራት መቋረጥ ወይም ከሲስተም መውደቅ እንደማያድን በግልጽ ያስጠነቅቃል። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው የሚፈራው ያንኑ ስለሆነ፣ ሙሉ ቅጂ እንጂ መቀልበሻው አያስተማምንም።

ቅጂውን አዲሱ ማሽን ላይ ያገናኙ። ኪውካው2 ከሆነ «ሞድፕሮብ ኤንቢዲ ማክስ_ፓርት=8» ካሉ በኋላ «ኪውኢሙ-ኤንቢዲ --ኮኔክት=/ዴቭ/ኤንቢዲ0» ብለው የኢሜጁን ስም ይስጡት፤ የመጀመሪያው ፓርቲሽን «/ዴቭ/ኤንቢዲ0ፒ1» ይሆናል። አዲስ ማሽን ያልኩት በምክንያት ነው፤ አሮጌው ቲውንቱኤፍኤስ የማያውቀውን ፊቸር ሊያጠፋ አይችልም።

ማውንት ሳያደርጉ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። «ኢቱኤፍኤስሲኬ -ኤፍ» ያስኬዱ። «ቲውንቱኤፍኤስ -ኦ ^ኦርፋን_ፋይል» (ትልቁ ኦ)። «ቲውንቱኤፍኤስ -ኦ ^ሜታዳታ_ሲሰም_ሲድ»። ለሴንትኦኤስ 7 ከሆነ «^ሜታዳታ_ሲሰም»ንም እንዲሁ፤ ይህኛው ቼክሰሞቹን በሙሉ ስለሚነካ በትልቅ ዲስክ ላይ ጊዜ ይወስዳል። 64ቢትን የሚያጠፋው ቲውንቱኤፍኤስ አይደለም፤ «ሪሳይዝቱኤፍኤስ -ኤስ» ነው፣ ፋይል ሲስተሙም ባለ 4 ኪሎባይት ብሎክ ከሆነ ከ16 ቴራባይት ማነስ አለበት። በመጨረሻ እንደገና «ኢቱኤፍኤስሲኬ -ኤፍ»። የሚያርመው ነገር ካገኘ ያርም፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ደግመው ያስኬዱና ምንም ሳያገኝ ማለፉን ይዩ።

ኤክስኤፍኤስ ከሆነ

ኤክስኤፍኤስ ላይ መመለስ የለም። ኤክስኤፍኤስ_አድሚን አንዳንድ ፊቸር ያበራል እንጂ የበራውን አያጠፋም። የተሳሳተ ኤክስኤፍኤስ ኢሜጅ ካለዎ ያለው አማራጭ አዲስ ፋይል ሲስተም በልኩ ሠርቶ ፋይሎቹን ማሻገር ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ መፍጠሪያው ላይ ነው።

ምርጫዎቹ እዚህም ከጊዜ ጊዜ አድገዋል። ሪፍሊንክ ከኤክስኤፍኤስፕሮግስ 5.1 ጀምሮ፣ ቢግታይምና አይኖብትካውንት ከ5.15 ጀምሮ፣ ኤንአርኤክስት64 ከ6.5 ጀምሮ ነባሪ ሆነዋል። እያንዳንዱን እየቆጠሩ ማጥፋት ይቻላል፦ «-ኤም ሪፍሊንክ=0,ቢግታይም=0,አይኖብትካውንት=0» እያሉ። ግን የተሻለ መንገድ አለ። ከኤክስኤፍኤስፕሮግስ ጋር አብረው የሚመጡ፣ ረጅም ድጋፍ ለሚሰጣቸው ከርነሎች ለየብቻ የተዘጋጁ የምርጫ ፋይሎች «/ዩኤስአር/ሼር/ኤክስኤፍኤስፕሮግስ/ኤምኬኤፍኤስ» ውስጥ አሉ፤ ለ4.19፣ ለ5.4፣ ለ5.10፣ ለ5.15። ከኤምኬኤፍኤስ.ኤክስኤፍኤስ ጋር «-ሲ ኦፕሽንስ=» ብለው የፋይሉን መንገድ ይስጡት፤ ለዚያ ከርነል የማይስማማው በሙሉ ይጠፋል። ኤክስት4 ላይም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ይህ ጽሑፍ በግማሽ ያጥር ነበር። ከርነል 3.10 ከእነዚህ ሁሉ ስለሚያንስ ለእሱ በእጅ መቁጠሩ አይቀርም፤ «-አይ ስፓርስ=0,ኤንአርኤክስት64=0» የሚለውንም ያክሉበት። ኤምኬኤፍኤስ.ኤክስኤፍኤስ የጻፉትን ስም አላውቀውም ካለ ፊቸሩ በእርስዎ ቨርዥን ገና አልተወለደም ማለት ነው፤ ያንን ስም ይሰርዙት። ሌላም አለ፤ ከ5.19 ወዲህ ከ300 ሜጋባይት በታች የሆነ ኤክስኤፍኤስ መፍጠር አይፈቀድም፤ ትንንሽ የሙከራ ኢሜጅ የሚሠሩ ስክሪፕቶች ድንገት የሚቆሙት በዚህ ነው።

ኢሜጁን ሳይነኩ መሣሪያውን ማደስ

አንዳንዴ ኢሜጁ የእርስዎ አይደለም፤ ደንበኛ የላከው ነው፣ መለወጥም አይፈቀድም። ያኔ የሚታደሰው አንባቢው ነው።

የምወደው መንገድ ሲስተምሬስኪውን የመሰለ አዲስ የነፍስ አድን አይኤስኦ በኪውኢሙ አስነስቶ ኢሜጁን እንደ ሁለተኛ ዲስክ ማያያዝ ነው። አሮጌው ሰርቨር ላይ ምንም ሳይጫን አዲስ ከርነልም አዲስ ኢቱኤፍኤስፕሮግስም ያገኛሉ። ኮንቴይነር ግን ይህን አያደርግም። ዴቢያን 12ን ሴንትኦኤስ 7 ላይ በኮንቴይነር ቢያስነሱ አዲሱን ኢቱኤፍኤስሲኬ ያገኛሉ፤ ማውንት ሲሉ ግን የሚመልስልዎት ያው የአስተናጋጁ 3.10 ከርነል ነው። ለምርመራ ይሆናል፣ ለማውንት አይሆንም። ኢቱኤፍኤስፕሮግስን ከምንጩ ኮምፓይል ካደረጉም በሲስተሙ ላይ አይጫኑት፤ ከተሠራበት ፎልደር ውስጥ ሆነው በቀጥታ ያስኬዱት።

ጌስትፊሽና ዘመዶቹ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ሊብጌስትኤፍኤስ ኢሜጁን ራሱ አያነብም። ሱፐርሚን የሚባለው ፕሮግራም ከአስተናጋጁ ከርነልና ከተጫኑት ፓኬጆች ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን ይሠራል፤ ኢሜጁን የሚከፍተው ያ ነው። ስለዚህ ጌስትፊሽን ብቻ ማሳደግ ጥቅም የለውም፤ ውስጥ ያለው የሴንትኦኤሱ ከርነልና የ1.42.9 ኢቱኤፍኤስፕሮግስ ነው። ሌላ ከርነል አስተናጋጁ ላይ ከጫኑ «ሱፐርሚን_ከርነል» እና «ሱፐርሚን_ሞጁልስ» በተባሉት ቫሪያብሎች (በትልልቅ ፊደል) ሊጠቁሙት ይችላሉ። የተሠራው ትንሽ ማሽን «/ቫር/ቲኤምፒ» ውስጥ «.ጌስትኤፍኤስ-» ብሎ በሚጀምር ፎልደር ይቀመጣል፤ ለውጥዎ ካልታየ ያንን ፎልደር ሰርዘው «ሊብጌስትኤፍኤስ-ቴስት-ቱል»ን ያስኬዱ።

ቨርት-ሪሳይዝ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ፓርቲሽኑን ካሳደገ በኋላ ፋይል ሲስተሙንም በአሮጌው ሪሳይዝቱኤፍኤስ ለማሳደግ ይሞክራል፤ እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው። «--ኖ-ኤክስፓንድ-ኮንቴንት» የሚለውን ይጨምሩ። ፓርቲሽኑን ብቻ አሳድጎ ይተወዋል። ከዚያ ማሽኑን አስነስተው ከውስጥ፣ በማሽኑ በራሱ ሪሳይዝቱኤፍኤስ ያሳድጉት፤ ፋይል ሲስተሙን የፈጠረው ቨርዥን እዚያ ካለ የማያውቀው ነገር አይኖርም።

አሮጌው ማሽን ላይ መሞከር

ኢሜጁን ከመጠቀምዎ በፊት ፍርዱን አሮጌው ማሽን ይስጥ። መጀመሪያ ሳይጽፍ እንዲያይ ያድርጉት፦ ሮው ከሆነ «ሎሴትአፕ» ላይ «-አር»፣ ኪውካው2 ከሆነ «ኪውኢሙ-ኤንቢዲ» ላይ «-አር» ጨምረው ያገናኙ። «ኢቱኤፍኤስሲኬ -ኤፍኤን» ያስኬዱ፤ ኤኗ ምንም እንዳይነካ ታደርገዋለች። ከዚያ ማውንት ያድርጉት። ጆርናሉ ያልተዘጋ ከሆነ «-ኦ አርኦ» ብቻ አይበቃም፤ ከርነሉ አንብቤ ብቻ ልውጣ ቢሉትም ጆርናሉን መልሶ ሊጽፍ ይፈልጋል፣ ዲስኩ ደግሞ አይጻፍበትም። «-ኦ አርኦ,ኖሎድ» ይበሉት።

እምቢ ካለ ምክንያቱን ዲሜሴጅ ይናገራል። ኤክስት4 የማያውቃቸውን ፊቸሮች በቅንፍ ውስጥ በሄክሳዴሲማል ቁጥር ይጽፋቸዋል። 2000 ካለ የቀረው ሜታዳታ_ሲሰም_ሲድ ነው። መጻፍ ብቻ ተከልክሎ 10000 ካለ ኦርፋን_ፕረዘንት ነው፤ ኢሜጁን ወደ አዲሱ ማሽን መልሰው በአዲሱ ኢቱኤፍኤስሲኬ ካጸዱት ይጠፋል። ሁለቱ ተደርበው የሚመጡበት ጊዜ የለም፤ ኢንኮምፓቱን ሲያይ ወደ ሁለተኛው ሳይደርስ ነው የሚመለሰው፣ ስለዚህ አንዱን ካረሙ በኋላ እንደገና ይሞክሩ።

ሙከራው ካለፈ መጀመሪያ አንማውንት ያድርጉ፣ ከዚያ «ሎሴትአፕ -ዲ /ዴቭ/ሉፕ0» ወይም «ኪውኢሙ-ኤንቢዲ -ዲ /ዴቭ/ኤንቢዲ0» ብለው ይልቀቁት። ሳይለቁት ማሽኑን ካስነሱ አንዱ ኢሜጅ በሁለት ወገን ይያዛል፤ ሁለቱም ወገን ከጻፈበት ደግሞ ያስቀመጡትን ቅጂ ነው የሚፈልጉት።